አክስቴ በቅል የያዘችው በረዶ

በሉ ሳቁ! ሶዶ መግቢያ ላይ መንገድ በበረዶ ተዘጋ ስላችሁ “ይሄ ልጅ ደግሞ ጀመረው” ትላላችሁ። አዎ፣ አጋንናለሁ። ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት አስተማሪዎቹን ስለበለጥኳቸው ነው እያልኩ ስንቱን አሞኝቻለሁ። ይቺን ግን አልጨመርኩባትም። ለመጨመርም ደክሞኛል።

ትናንት ባጃጄን አቁሜ፣ ለስላሳ ላወጣ እጄን የሱቅ ፍሪጅ ውስጥ ሰደድኩ። ከታች የጋገረ በረዶ ነበር። ጣቴ ሲነካው ቅዝቃዜው ሽቅብ ወጥቶ ደረቴ ላይ ቁጭ አለ።

“ምን ሆንክ?” አለኝ ባለሱቁ።

“አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።”

“አባትህ ፍሪጅ ነበረው እንዴ?”

ፍሪጁን ዘግቼ ወጣሁ።

አባቴ የታመመ ጊዜ ባጃጅ ከያዝኩ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርቶኝ “የሚጠራ ዘመድ ካለ ዛሬ ጥሩ” አለኝ። አባቴ ደግሞ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቦዲቲ ያለችውን ታላቅ እህቱን። በእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልተው ስንት ዓመት ሙሉ ሰላም አይባባሉም። “ትመጣ ይሆን?” አለኝ በቀጭን ድምፅ። እኔም ደረቴን ነፍቼ “እኔ ሄጄ አልመጣም ልትል ነው? ምሳህ ሳይበርድ እዚህ ናት!” አልኩት።

ቦዲቲ ስደርስ አክስቴ ነገር አላበዛችም። ቅል ሙሉ ወተት ይዛ፣ አፉን በእንሰት ቅጠል ወትፋ ወጣች። “ባዶ እጄን አልሄድም። ከአንድ ቅል ካልጠጣን ታረቅን አይባልም” አለች። እኛ ጋ የተጣላ ሰው ሲታረቅ እንደዛ ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ፣ ከአንድ ዕቃ እኩል ይጠጣል።

ሶዶ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ዳሞታ ተራራ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠጠር የባጃጁን ሸራ መታው። ከዛ በኋላ ማን ይስማ! አክስቴ “ጦሳው! ጦሳው!” እያለች እግዚአብሔርን በቋንቋችን ስትጠራ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምጿ አይሰማኝም።

ሲያባራ ፀሐይ ወጣች። አስፋልቱ የለም! ነጭ ብቻ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ዳር ያለው እንሰት ሁሉ ተተልትሎ፣ የተቀደደ ቅጠልና የባሕር ዛፍ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል። መኪናው ሁሉ ቆሟል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር በመስኮት “አንተ ባጃጅ፣ ቁም! እስኪቀልጥ ጠብቅ!” ብሎ ጮኸ።

“አንተ ቅለጥ! እኔ የቦምቤን መንገድ ጭቃ የነዳሁ ነኝ!” አልኩት።

ጭቃ ላይ የምናውቀው አንድ ነገር ነው። ነዳጅ እየሰጡ መብረር፤ ካቆምክ ተቀረቀርክ። እኔም በረዶውን እንደ ጭቃ ነዳሁት። ባጃጇ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች፣ ዞረች፣ ቀስ ብላ ቦይ ውስጥ ተኛች። ሁለታችንንም ምንም አልነካንም። ወተቱ ግን አለቀ። ነጭ በነጭ ላይ ፈሶ የት እንደገባ እንኳ አይታይም።

“ቪዛ አለህ? አውሮፓ ገባህ እኮ!” አለ ሹፌሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳቅ የማልፈራው ሰውዬ፣ ያን ቀን መሬት መሬት አየሁ።

አክስቴ ባዶውን ቅል ትንሽ አየችው። ከዛ ቁጢጥ ብላ በረዶውን በእፍኟ እየዛቀች ትሞላው ጀመር።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ወንድሜ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ይየው።”

“እዛ እስክንደርስ ውሃ ይሆናል እኮ።”

“ውሃስ አይጠጣም?”

አፉን መልሳ በቅጠል ወተፈችና በእግር ሄድን። የፕላስቲክ ጫማዋ በበረዶ ተሞልቶ እግሯ ቀላ። አንዴም አልተቆጣችኝም፤ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የማዳምጠው ቅሉን ነው። መጀመሪያ ውስጡ ኳ ኳ ይል ነበር። እየቆየ ድምፁ ለዘበ። ኦቶና ስንደርስ ቦጭ ቦጭ ይል ነበር። አባቴም በዛው ልክ እያለቀ መሰለኝ።

ዓይኑ ክፍት ነበር።

“ዘገየሽ” አላት።

“መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነው። ነጭ ሆኗል።”

“ውሸት ከልጄ ተማርሽ እንዴ?”

አክስቴ ቅጠሉን ነቅላ ጣለች፣ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ጉንጩ ላይ አደረገች፣ ቅሉን ለሁለቱም አፍ ደገነችው። ሣር የተቀላቀለበት ውሃ ነበር፤ ግማሹ ትራሱ ላይ ፈሰሰ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠና “ይቀዘቅዛል። እውነትሽን ነው” አለ።

በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ያን ቀን መንገዱ ደርቆ አቧራ ያቦን ነበር። የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ “የታለ በረዶው?” አለኝ።

የታለ እንዳትሉኝ! ወንድ ከሆናችሁ ሂዱና ባጃጄን ከቦይ የጎተቱትን ጠይቁ። ያን አፈኛ የአይሱዙ ሹፌር ፈልጋችሁ ጠይቁት። ቦዲቲ ሂዱና አክስቴን ጠይቋት፤ ቅሉን አውርዳ ታሳያችኋለች። ከዛን ቀን ወዲህ ወተት አድርጋበት አታውቅም።