ጀርመኖች ያላመዱት እንግዳ

አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ጀርመንኛ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ስለመጣ፣ ማንበቡን እንጂ መናገሩን ዛሬም አልደፍረውም። ስድስት ኪሎ ለሁለተኛ ዲግሪ ያጠናሁት፣ የአንድ እንግሊዛዊ ፀሐፌ ተውኔት ሥራዎች በትርጉም ገብተው የጀርመንን ሥነ ጽሑፍ እንዴት እንደቀረጹ ነበር። ጀርመኖቹ መጀመሪያ በስድ ንባብ መለሱት፤ በኋላ የመጡት በግጥም። ወጣት ደራሲዎቻቸው ንጉሥንና ቀልደኛን አንድ መድረክ ላይ ማቆም ከእሱ ተማሩ። ዛሬ እዚያ አገር ሰዉ በጨዋታ መሃል የሱን አነጋገር ጣል ያደርጋል፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ግን ትዝ አይለውም።

ቀናሁ። ጥናቱን አስረክቤ፣ ጀርመንኛውን ከጎን ዘርግቼ፣ ከተውኔቶቹ አንዱን ወደ አማርኛ መመለስ ጀመርኩ። የፈለግሁት የመጽሐፍ አማርኛ አልነበረም፤ በምኖርበት በዶሮ ማነቂያ ሰፈር በስስ ግድግዳ አልፎ ይሰማኝ የነበረውን ነው። ጎረቤቴ አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲነግዱ የኖሩ ሴት ነበሩ። ማታ ማታ በራቸው ላይ ተቀምጬ የሠራሁትን አነብላቸዋለሁ።

«አንተ ከንቱ ፍጡር፣ ከፊቴ ተወገድ!»

«እንዲህ ተሰድቦ ማን ይወገዳል? ወንበር ስቦ ይቀመጣል እንጂ!»

ሰርዤ እንደገና አነበብኩ። «ዞር በል ካይኔ ሥር!»

«ማንን ነው አንቺ? ደሞ በሬ ላይ መጥተሽ! ተነስቼ እንዳላሳይሽ!»

እሳቸው ከተቆጡ ዐረፍተ ነገሩ ነፍስ ዘርቷል ማለት ነው። ሁለት ገቢር እንዲህ ሠራን።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሳ። እሳቸው ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ እኔ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሦስተኛው ገቢር፣ ትልቁ ጠብ ያለበት፣ እጄ ላይ ደረቀ። አንድ እሑድ ይዤው ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ዘግተው፣ አልጋ ጫፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠቡን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላቸው።

«ጥሩ ነው ልጄ። እግዜር ያግዝሽ።»

«እትዬ፣ ስድብ እኮ ነው። አይመልሱልኝም?»

«ማንን ብዬ ልመልስ? ከግድግዳው ወዲያ ማን እንዳለ አላውቅም።» በሩን አየት አደረጉ። «ድምፅሽንም ቀነስ አድርጊ፣ ነውር ነው።»

ዝቅ አድርጌ ደግሜ አነበብኩ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ አክብሮት ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ጀርመኖቹ አንዱ ቢያቅተው ሌላው ይቀጥል ነበር፤ የሚሰማው ሕዝብም ቦታው ላይ ነበር። የኔው ሕዝብ በየፎቁ ተበትኖ ዝም ብሏል። ሦስተኛውን ገቢር ብቻዬን ጨረስኩት። ደጋግሜ አርሜዋለሁ፤ አንድም ስህተት የለበትም። ማንም አይቆጣበትም።