ጠይባ ያጠበችው ወረቀት

አክስቴ ጠይባ ጎሬ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር፤ ቁጡ ናት። በጣልያን ጊዜ አንድ የጦር ሐኪም ነጋዴውን ሁሉ አሰልፎ ደም ቀዳ፤ እምቢ ያለውን ባንዶች በአለንጋ ገረፉት። በሳምንቱ ወረቀት ሲታደል የእሷ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል።

«ደምሽ ልክ አይደለም። ሰኞ ይኸንን ይዘሽ ጣቢያ ቅረቢ» አላት አስተርጓሚው።

አገር አቋርጦ ደም ሊያፈስ የመጣ፣ የደም ልክ ሊነግረን!

«ምን ተገኘበት?» ብትል መልሱ ጥፊ ሆነ።

ከቡሬ የመጣ አንድ ቆዳ ነጋዴ እንዲህ ያለ ቀይ ወረቀት ይዞ ጣቢያ ገብቶ አልወጣም። ጠይባ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ክንዷን እያገላበጠች ደም ሥሯን ታያለች፤ ልጆቿ ሲጠጓት ትሸሻለች።

እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ሼሁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርአን ይጽፉለታል፤ ቀለሙ በውኃ ታጥቦ ይጠጣል። በአራተኛው ቀን ጠይባ የሐኪሙን ወረቀት እንደዚያው አጠበችና ቀዩን ውኃ ጨለጠችው። ጽሑፉ ከለቀቀ በሽታውም ለቀቀ ብላ ያን ቀን ጠግባ በላች።

ሰኞ ጣቢያው በር ላይ ባንዳው ባዶውን ወረቀት አገላብጦ አየ።

«ጽሑፉን የት አደረግሽው?»

«ጠጣሁት።»

በሰደፍ አፏን አላት። ሁለት ጥርሷ ረገፈ። ከወደቀችበት ተነሳችና አፏን የሞላውን ደም ወረቀቱ ላይ ተፍታ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«እንካ፣ ለጌታህ ውሰድለት። ይኼንንም ይመርምር!»