የሐይቅ ዳሩ ቤት መጋረጃ

የባሌ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁላችንም እትዬ እንላታለን። እሷ፣ ባሌና ሹፌሩ ታናሽ ወንድማቸው ለእረፍት ብለው ሐይቅ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው ገዝተዋል። የምንሄደው በየተራ ነው። ችግሩ፣ ተራው የደረሰ ሁሉ የሌላውን መጋረጃ አውርዶ አልጋ ሥር ይወረውርና የራሱን ይሰቅላል። በዚህ የተነሳ ተኳረፍን። ዘንድሮማ ሹፌሩ «ቤቱ ይሸጥና እንገላገል» አለ።

እትዬ ግን የሁላችንንም መጋረጃ ሰብስባ ቀዳደደችና እያፈራረቀች አንድ ላይ ሰፋችው። ከዚያ እዚያው ቤት ጠራችን።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የኔ ጨርቅ ነው!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ።

«በል መቀሱ ይኸው፤ ያንተን ብቻ ለይና ቁረጥ።»

ጨርቁን አገላብጦ አየና ሳቁ አመለጠው። «ስፌቱ ግን ጠሟል» እያለ ወንበር ላይ ወጥቶ ይሰቅል ጀመር።

«አንተ መኪናህን ቀጥ አድርገህ ንዳ!»

የሽያጩን ነገር ያነሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ሳይወርድ፣ «ትምህርት ሲዘጋ ለምን ሁላችንም አንድ ላይ አንመጣም? ቦታ ከጠበበ እኔ መሬት እተኛለሁ» አለ።

እትዬ የፍራሽ ልብስ ልትሰፋለት ወዲያው ሜትሯን አወጣች።