ሲስተር ጥሩአየሁ ከብርሃን ሕክምናው ክፍል በር አጠገብ

ሲስተር ጥሩአየሁ አርፈዋል። በፍኖተ ሰላም፣ ከብርሃን ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ ተራ ለጠበቃችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ እንኳ ሞታቸውን አላመንኩም ነበር።

እኔ የማንኩሳ መምህርት ነኝ። ለምጽ ፊቴና እጄ ላይ የወጣ ጊዜ ሰው ሰላምታዬን ይሸሽ ጀመር። ሲስተር ግን ገና ስገባ ሁለት እጄን ያዙና «ነይ እቴ፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም» አሉኝ። ከዚያ ዓይንን ከሕክምናው ብርሃን የሚከላከለውን ጥቁር መነጽር ራሳቸው አጠለቁልኝ። ማሰሪያውን አጠበቁ፣ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት እንዳይኖር ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ እንደገናም አጠበቁ።

ለምጹን የሚያክሙት መብራቶች የተደረደሩበት፣ ገብተን የምንቆምበት ሣጥን ቁም ሣጥን ያህላል። በሩ ሲዘጋ ሰው ብቻውን ይቀራል፤ እሳቸው ግን ከውጭ ሆነው ዝም አይሉም ነበር።

«መነጽርሽ ዓይንሽ ላይ ነው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«እጅሽስ?»

«ወደ ታች ነው።»

ጥቂት ቆይተው ያንኑ ይደግማሉ። አንድ ቀን ስወጣ ግንባራቸውን ላብ አጥለቅልቆት አይቼ ምን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ።

ቀድሞ በሌላ ከተማ ሲሠሩ ማሪቱ የምትባል የቡሬ ልጅ ያክሙ ነበር። ለምጿ የወጣው የዓይኗ ቆብ ላይ ነው። ሠርጓ ደርሷል። ብርሃኑ የዓይኗን ቆብ እንዲያገኘው ብላ ሣጥኑ ውስጥ መነጽሯን አነሳች። ሲስተር ያወቁት በሩን ሲከፍቱ ነው። ልጅቷ ግን «ምንም አልሆንኩም» ብላ እየሳቀች ሄደች። ሲመሻሽ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራት ጀመር። ወዲያው ተመልሳ ቢሆን ይድን ነበር። ቁጣ ፈርታ ቤቷ ቀረች፤ ቤተሰቧም የቅጠል ጭማቂ ዓይኗ ውስጥ ጨመሩላት። ሁለቱም ዓይኖቿ ጠፉ።

«ለምን በዚያው ይዤ አላስቀረኋትም?» አሉኝ ሲስተር። «ያ በር በተዘጋ ቁጥር ውስጥ ያለችው እሷ ትመስለኛለች።»

ለዚህ ነበር እያንዳንዳችንን ስንወጣ «ዓይንሽን ከቆረቆረሽ ምንም ነገር እንዳታደርጊበት፤ ቀንም ሆነ ማታ ወደ እኔ ነይ» የሚሉን። አንድ የደምበጫ ገበሬ መነጽሩ ላልቶበት ኖሮ በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ በስልክ ነገራቸው። «መድኃኒት አዋቂ ተጠርቶልኛል» ሲላቸው አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሲደርሱ የቅጠል ጭማቂ በኩባያ ቀርቧል። ኩባያውን ደጅ ደፍተው ሰውየውን ወደ ዓይን ሐኪም ይዘውት መጡ። ያ ገበሬ ዛሬም በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፤ ቀብራቸው ላይ ጮክ ብሎ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ።

በመጨረሻው ሕመማቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይናቸው ከበሩ አይነቀልም ነበር። «ማሪቱ፣ እንዳታነሺው» ይሉ ነበር፣ ማንም በሌለበት። እጃቸውን ይዤ «እኔ ነኝ፣ ሲስተር» ስላቸው ያዩኛል፤ መልሰው ግን ወደ በሩ ይዞራሉ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከቀብር ሰው ሲበተን በእህቷ ክንድ የተደገፈች ሴት ወደ እኔ መጣች።

«ማሪቱ ነኝ» አለችኝ። «ከቡሬ ነው የመጣሁት።»

«መነጽሩን አትንኪው ብለውኝ ነበር፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቂም ይዤባቸው አይደለም የጠፋሁት፣ አፍሬ ነው። እሳቸውም የተቀየሙኝ ይመስለኝ ነበር። ስሜን አንስተው ያውቃሉ?»

«እስከ መጨረሻው» አልኳት።

ተንበርክካ አፈሩን በመዳፏ ዳሰሰች።

ሲስተር ጥሩአየሁ፣ እናቴ፣ ማሪቱ መጥታ ነበር። ልጆች ወልዳለች፤ ድምፃቸውን ከሩቅ እየለየች በስማቸው ትጠራቸዋለች። ለእርስዎም አልቅሳለች። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አገር አልነበረም፤ እርስዎ ወደ እሷ፣ እሷም ወደ እርስዎ መሄድ ፈርታችሁ ዕድሜ አለቀ። ይህን ቃል በቁም ሊሰሙት ይገባ ነበር። አልደረሰልዎትም። እኔ ከአፈሩ በላይ ሆኜ እነግርዎታለሁ፦ አልተቀየመችዎትም። አፈሩ ይቅለልዎ።