ማስተባበያው እስኪወጣ

ዛሬ ጠዋት ለንደን ውስጥ ከዊልስደን ወደ ዌምብሊ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ቢትኮይኔን በሙሉ ልሸጥ ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር።

አንድ ፖለቲከኛ «ቢትኮይንና መሰል ክሪፕቶን እናግዳለን» ብሎ መግለጫ ሰጥቶ ገበያው ቁልቁል እየወረደ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋይ፣ ጡረታ የወጡ የአስመራ ሰው፣ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ማስተባበያው ወጣ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው ጠብቂ። የኛ ጸጉር የሸበተው መግለጫና ማስተባበያ ስንሰማ ነው።»

(ፋይናንስ የተማርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ስልካቸው ላይ የመገበያያ አፕ እንኳ የላቸውም።)

የዌምብሊ ስታዲየም ጋ ሳንደርስ ፖለቲከኛው «ንግግሬ ያለ አግባቡ ተተርጉሟል» አለ። ዋጋው ተመልሶ ወጣ።

ጋሽ ተስፋይ ስልኬን እንኳ አላዩም፤ መውረጃቸውን ነበር የሚያዩት።

ከዛሬ ወዲህ እኔን በመግለጫ የሚያስሸጠኝ የለም። እናንተስ፣ በመግለጫ ሸጣችሁ ማስተባበያው ሲወጣ የተቆጫችሁበት ምንድን ነው?