በቴሌቪዥን ሞቶ የተነሳው ጎረቤቴ

ባለፈው እሁድ ጎረቤቴን ቤተ ክርስቲያን ይዤ ሄድሁ... ከሞት የተነሳ ሰው አመጣሽ ተባልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ታርኔት በሚባል ሰፈር፣ ከልጄ ቤት አጥር ወዲያ፣ ቪለም የሚባል የሆላንድ ሽማግሌ ይኖራል። እንደኔው ልጁን ተከትሎ የመጣ ነው። በአገሩ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ለረጅም ዓመታት ክፉ ሰው ሆኖ ተጫውቷል። አንድ ዘፈንም አውጥቶ ነበር፤ ብስክሌት ስለምትነዳ ልጅ። ገበያ ሲወጣ አሮጊቶች በጃንጥላ ይመቱት ነበር ይላል፤ ዝናው እስከዚህ ድረስ ነበር። እዚህ ግን የሚያውቁት እኔና ውሻው ብቻ ነን። እኔም ያወቅሁት ፈልጌ አይደለም... በአጥር ላይ ደጋግሞ ስለነገረኝ ነው።

እሁድን ብቻውን ሲውል አይቼ «ና፣ ከጸሎቱ በኋላ ምሳ አለ» አልሁት። ለምሳው መጣ።

የምንሰበሰበው እዚያው አቅራቢያ፣ ዌሪቢ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ነው። እንግዳ ከመጣ ተነስቶ ስሙን ይናገራል፤ ቀጥሎ «እስቲ ጌታ ያደረገልህን ንገረን» ተብሎ ማይክ ይሰጠዋል። ሌላው እንግዳ አፍሮ ቶሎ ይቀመጣል። ማይክ የያዘ ተዋናይ ግን አይቀመጥም።

አስተርጓሚው ወንድም ናትናኤል ነው። በሥራ ቀን ሲቲ በሚሉት መሀል ከተማ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የተባለውን ትቶ መባል የነበረበትን ይተረጉማል። እኔ በተማርሁበት ዘመን እንዲህ የሚተረጉም ተማሪ ተንበርክኮ ይውል ነበር።

ቪለም በእንግሊዝኛ ጀመረ።

«በአገሬ ቴሌቪዥን ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አራት ጊዜ አገባሁ። የወንድሜን ፋብሪካ ዘረፍሁ። በመጨረሻ በእሳት አደጋ ሞትሁ። ሕዝቡ ሲጮህ ጊዜ መለሱኝ፤ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ራሴን ስቼ ተኛሁና አንድ ሐሙስ ዓይኔን ገለጥሁ።»

ናትናኤል ቴሌቪዥኑን ለመድረክ አይመጥንም ብሎ ነው መሰለኝ ዘለለው። የቀረውን ግን አሳመረው። «ወንድማችን በኃጢአት ዓለም ይኖር ነበር... ሞተ... ሕዝቡ ወደ ጌታ ጮኸ... ሁለት ዓመት ራሱን ስቶ ተኝቶ ተነሳ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እንግሊዝኛ የሚሰሙት ወጣቶች ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ፤ እልል የሚለው የእኛ የአሮጊቶቹ ረድፍ ነው። ቪለም ይህን የመሰለ አቀባበል ካየ ስንት ዘመኑ... ማንም ሳይጠይቀው ያችን ዘፈኑን ጀመረ። እኛ ዘንድ ዘፈን መድረክ ላይ ቀርቶ መኪና ውስጥ ቢሰማም ያስወቅሳል። ሆላንድኛ የሚያውቅ ስለሌለ ግን፣ ለባለ ብስክሌቷ ልጅ እጁን አንስቶ ያለቀሰው ብዙ ነው። ፓስተሩም ዓይናቸውን ጨፍነው «አሜን» አሉ።

ምሳ ላይ ነገሩን አርማለሁ ብዬ ስጠብቅ እትዬ አስካለ መጡ። ባላቸው ጋሼ ታደሰ ስትሮክ መትቷቸው ካለፈው ወር ጀምሮ ሆስፒታል ራሳቸውን ስተው ተኝተዋል። የቪለምን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደኔ ዞሩ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ይንገሩልኝ። ዛሬውኑ ይምጣና ታደሰ ላይ እጁን ይጫንልኝ። እሱ የተነሳበትን መንገድ ያውቀዋል።»

ሲያስቀኝ የቆየው ነገር እዚህ ላይ አላስቅ አለኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ድራማ ነው። ሞቶ አያውቅም። የተኛውም ደመወዝ እየተከፈለው ነው።»

እጁን አለቀቁም። «ሁለት ዓመት ተኛሁ አላለም?»

«በየመሀሉ እየተነሳ ምሳውን ይበላ ነበር።»

ቀስ ብለው እጁን ለቀቁ።

«እኔ እኮ አጠገቡ ተቀምጬ የማደርገው ጠፍቶኝ ነው» አሉ። «ይስማ አይስማ አይታወቅም አሉኝ። ቦርሳዬን ታቅፌ እውላለሁ... አንድ ቃል አልወጣኝም።»

ቪለም ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርሁት። ፊቱ ቀላ። ሳህኑን አስቀመጠ።

«ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስተኛ ባልደረቦቼ አጠገቤ ቆመው ይናገሩ ነበር» አለ። «የተጻፈለትን የሚያነበንበው ማን እንደሆነ፣ እኔን የሚያናግረኝ ማን እንደሆነ፣ ሳላይ እለይ ነበር። ስለ ባልዋ የማውቀው ነገር የለም። እኔ ብሆን ግን ዝም እንድትል አልፈልግም።»

ይህንንም ተረጎምሁ። እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ።

«አብሮን ይምጣ» አሉ።

ናትናኤል በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። መንገዱን ሙሉ ምንም አልተረጎመም። እሱ ማቆሚያ ሲፈልግ ሦስታችን ገባን።

እትዬ አስካለ ወንበሩን ወደ አልጋው ሳቡ። ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ታደሰ» አሉ። «የመኪናውን ቁልፍ የት እንዳደረግኸው አላወቅሁም፤ በባቡር ነው የምመላለሰው። የሣር ማጨጃውን ለማን እንዳዋስኸው አልነገርኸኝም፤ ሣሩ ጉልበቴ ደርሷል። ጢምህንም ማን እንደላጨህ እንጃ፣ አበላሽቶሃል።»

ከጀመሩ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ዳንደኖንግ ስላለው የድሮ ቤታቸው፣ ባሏ ስለማይወደድ ልጃቸው፣ ጋሼ ታደሰ በሰው ሰርግ ላይ ስለተናገሩት ነገር... ሁሉም ተነሳ። በሽተኛ እንዲህ ሲወቀስ አይቼ አላውቅም። ነርሷ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«በትዳራችን እስከዛሬ ሳታቋርጠኝ ሰምተኸኝ አታውቅም» አሉ። «አሁን ግን አቋርጠኝ።»

ጋሼ ታደሰ አላቋረጡም። እትዬ አስካለም የባላቸውን እጅ ይዘው ወደ ሣር ማጨጃው ተመለሱ።

ቪለም በሹክሹክታ ትርጉሙን ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል ነገርሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«በዚያ ሁሉ ዓመት» አለ፣ «ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር የጻፈልኝ የለም።»

ታዲያ ያ ድራማ ያን ሁሉ ዘመን ምን እየተባለበት እንደታየ... እግዜር ይወቀው።