ሰርቨሩ ያላወቀው ሐምሌ

የዱባይ ሙቀት ሰው በሚያቀልጥበት ባለፈው ሐምሌ የሆነ ነው። ስለ ኮምፒውተር ብዙም አይገባኝም፤ የአንዲት ሴት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

የምሠራው በአንድ የአውሮፕላን ትኬት መሸጫ ድርጅት፣ በደንበኞች መስተንግዶ ነው። ቢሯችን ከሳትዋ ሰፈር ወደ ሙዋይለህ ሰፈር እየተዛወረ ነበር። የኮምፒውተር ሥራውን የያዘው ዳዊት ከአዲስ አበባ የመጣው በቅርቡ ነው፤ የሙከራ ጊዜውን እንኳ አልጨረሰም። ድረ ገጻችን የት እንደሚገኝ የሚናገረውን ዋና ሰርቨር ሙዋይለህ ላይ አዲስ ተከለ። ከዋናው እየቀዳ ለደንበኛ የሚያስታውቅ ረዳት ሰርቨር ደግሞ ከሌላ ድርጅት እንከራያለን።

ረዳቱ ግን እንቢ አለ። አዲሱን ትቶ የሳትዋውን አሮጌ ሰርቨር ሙጥኝ አለ። የሳትዋው ቢሮ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ከተዘጋ ረዳቱ ደንበኞቻችንን ሁሉ ወደ ባዶ ቤት ሊሰድ ነው።

አለቃችን መጥቶ፣ "ሳትዋ እስኪዘጋ ካልተስተካከለ ኸላስ፣ ወደ አገርህ!" አለው። ዳዊት ሚስቱን ለማምጣት ቪዛ የጀመረ ሰው ነው። በጣም አሳዘነኝ።

ረዳቱን ወደሚያከራየን ድርጅት ደወልን። አለቃችንም እንዲሰማ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ለቀቅነው። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ አነሳች። ረዳቱ ሁለቱንም ሰርቨሮች "ቁጥራችሁ ስንት ነው?" ብሎ እንደሚጠይቅና ቁጥሩ ከሚበልጠው እንደሚቀዳ ነገረችን። ቁጥሩ የሚጻፈው በዕለቱ ቀን ነው።

"እስቲ ያንተን አንብብልኝ" አለችው።

"ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ አሥራ አንድ..." ብሎ ጀመረ።

አላስጨረሰችውም። በአማርኛ፣ "ወንድሜ፣ ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወር የሚሆነው እኛ ጋ ነው እኮ!" አለችው። "ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደህ እንዴት ይቀበልህ?"

ዳዊት ግንባሩን ያዘ። አገር ቤት መሥሪያ ቤት ውስጥ የለመደው እጁ ነው ጉድ የሠራው! ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀየረው፤ እሷም በበኩሏ ረዳቱን እንደገና እንዲጠይቅ አደረገችው። ወዲያው አዲሱን ተቀበለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አለቃችን ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ "ጥፋቱ የማን ነው?" አለ። ዳዊት አቀረቀረ። በእሷ አንድ ቃል ሊባረር ይችላል።

"የማንም አይደለም ሰር" አለች በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብላ። "በአገራችን አቆጣጠር ቀኑ ልክ ነው። ሰርቨሩ ነው የእኛን የማያውቀው።"

አለቃችን አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ዳዊትን አየና፣ "ያላ፣ ወደ ሥራ!" ብሎ ወጣ።

ስሟን ሳንጠይቃት ስልኩ ተዘጋ። እዚህ አገር የአበሻ ስህተት ሲገኝ፣ የማን አገር ሰው መሆናችን እንዳይታወቅ ቶሎ ዞር የምንል ብዙ ነን። እሷ ግን ማንም ሳይጠይቃት "በአገራችን" ብላ ከአጠገቡ ቆመች። ሳስታውሳት አሁንም ደረቴ ይሞላል።